ከሆድ ላይ የምትለጠፍ ከረጢት

እ.ኤ.አ. በ1954 ኤሊሴ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ አንድ ጭንቀት ነበረባት። እህቷ ቶራ በአንጀት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሰገራዋ የሚወጣው በሆዷ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ሆኗል፤ ሰው ፊት ያፈስብኛል፣ ይሸትብኛል ብላ ከቤት መውጣት ፈርታለች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ቀዳዳ የሚሸፈነው በጨርቅ ወይም በቀበቶ በሚታሰር የብረትና የብርጭቆ ማቀፊያ ነበር። ኤሊሴ ቆዳ ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፍ፣ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ከረጢት አሰበች። የፕላስቲክ አምራቹ አጌ ሉዊስ-ሃንሰን መጀመሪያ እምቢ ቢልም ሐሳቡን ያስቀየረችው ሚስቱ ዮሃነ ናት። እሷም ነርስ ነበረች። ከዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1957 ኮሎፕላስት የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ።

ቀዳዳው በሐኪሞች ዘንድ ስቶማ ይባላል። ከትልቁ አንጀት ሲከፈት ኮሎስቶሚ፣ ከትንሹ ሲከፈት ኢሊዮስቶሚ ነው። የሚከፈተውም ለካንሰር ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የአንጀት መጠምዘዝ ደጋግሞ የሚታይ ሕመም ነው፤ የፊንጢጣ ቀዳዳ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሕፃናትም አሉ። አንዳንዱ ከወራት በኋላ ይዘጋለታል፣ አንዳንዱ ዕድሜውን በሙሉ ይዞት ይኖራል።

ስቶማው እንደ ከንፈር ውስጠኛ ክፍል ቀይና እርጥብ ነው። ሲነኩት አያምም፤ ሲያጸዱት ጥቂት ደም ቢታይም አያስደነግጥም። ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ጥቁር ከተለወጠ ግን ለነገ ሳይሉ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ስለ ሽታ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሽቶ ነው። አያዋጣም። የከረጢቱ ፕላስቲክ የተሠራው ሽታ እንዳያሳልፍ ሆኖ ነው፤ ብዙዎቹም ጋዙን አጣርቶ የሚያስወጣ የከሰል ማጣሪያ አላቸው። ስለዚህ በደንብ የተለጠፈ ከረጢት መሽተት ያለበት ሲደፋና ሲቀየር ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ ከሸተተ አንድ ቦታ አፍስሷል፣ ወይም የሚደፋበት ጫፍ በደንብ አልተጠረገም። ጋዝ ነፋብኝ ብሎ ከረጢቱን በመርፌ መብሳት ደግሞ ሽታውን ለቀኑ ሙሉ መልቀቅ ነው። ሽታ ያጠፋል እየተባለ አስፕሪን ከረጢቱ ውስጥ የሚጨምሩም አሉ፤ ክኒኑ ስቶማውን ሊያቆስለው ስለሚችል ይቅር።

ዋናው ሥራ ያለው ቆዳውና ማጣበቂያው በሚገናኙበት ቀለበት ላይ ነው። የማጣበቂያው ቀዳዳ ከስቶማው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፍቶ ይቆረጣል። ከዚያ ከሰፋ ሰገራው ቆዳው ላይ ይቀመጣል፤ በተለይ የኢሊዮስቶሚ ፈሳሽ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ስላሉበት ቆዳውን ይልጠዋል፣ የተላጠና የረጠበ ቆዳ ላይ ደግሞ ማጣበቂያ አይዝም። ስቶማው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 8 ሳምንታት እየሟሸሸ ስለሚሄድ በየቅያሪው መለካት ይኖርበታል። ቆዳው በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ ቅባት ወይም ወዝ ያለው ሳሙና ግን ማጣበቂያውን ያንሸራትተዋል። ለጥፎ መዳፍን ለአንድ ደቂቃ ያህል ጫን ማድረግም ይረዳል፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያስይዘዋል። ለቅያሪ የሚመረጠው ማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ ነው፤ አንጀቱ ያኔ ጸጥ ይላል። አንዱ ልጥፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ካሳከከ ወይም ካቃጠለ ግን ቀኑን መጠበቅ አያስፈልግም።

ከረጢቱ የሚደፋው ከሲሶ እስከ ግማሽ ሲሞላ ነው። ከከበደ ማጣበቂያውን ወደ ታች ይጎትተዋል። መጸዳጃው ውስጥ አስቀድሞ ሶፍት ጣል ማድረግ ፍንጥቅጣቂውን ያስቀራል።

ምግብም ድርሻ አለው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ እንቁላልና ዓሣ ሽታ ያከብዳሉ፣ ባቄላና ሽሮ ጋዝ ያበዛሉ፤ እርጎ ለአንዳንዱ ሰው ሽታውን ያቀልለታል። ይህ ማለት የጾም ገበታ ይታጠፍ ማለት አይደለም፤ አንድ በአንድ ሞክሮ የራስን ሆድ ማወቅ ይሻላል። ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ግን ቆሎና ፈንዲሻ ላይ ይጠንቀቅ፤ ቀዳዳውን ሊዘጉበት ይችላሉ። ውሃና ጨውም ቶሎ ስለሚያጣ ውሃ የማይቀመስበትን ጾም ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር ባይጀምር ይመረጣል። ሌላው ደግሞ ቀይ ሥር ነው፦ ከተበላ በኋላ ከረጢቱን ደም አስመስሎ ያስደነግጣል።

በኢትዮጵያ ከረጢቱ እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው ይከብዳል። ፌስታልና ጨርቅ የሚያስሩ ሰዎች አሉ። ፌስታል ሽታ ያሳልፋል፣ ቆዳ ላይም አይጣበቅም፤ ከቶራ ዘመን መሣሪያ ብዙም አይሻልም። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ዓይኑን የሚጥለው ውጭ አገር ባለ ዘመድ ላይ ነው። እዚህ ላይ ልክ ሳይጠይቁ ገዝቶ መላክ ገንዘብ መበተን ነው። ባለሁለት ክፍሉ ዓይነት ሆድ ላይ የሚቀር ልጥፍና የሚነቀል ከረጢት ስላለው የሁለቱ ቀለበት እኩል መሆን አለበት፤ 57 ሚሊ ሜትር ቀለበት ያለው ከረጢት በ70 ልጥፍ ላይ አይገጥምም። የአንዱ ፋብሪካ ከረጢትም በሌላው ልጥፍ ላይ ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ሻንጣ ከመሞላቱ በፊት የአሮጌውን ማሸጊያ ፎቶ በቴሌግራም ማስላክ ነው። ደርሶም ከፀሐይ መራቅ ይኖርበታል፤ ሙቀት ማጣበቂያውን ያበላሸዋል።