ትዝታ እንዴት ያስለቅሳል? አምስት ድምፅና አንድ ወጥ ቤት

አል ዐይን፣ ከአቡ ዳቢ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ከተማ፣ አንዲት እህት እራት እየሠራች ነው እንበል። ስልኳን በስኳር ዕቃው አስደግፋ የበዛወርቅ አስፋውን ትዝታ ከፍታለች። አሠሪዋ ማዳም ውሃ ልትቀዳ ገባች፤ ጥቂት አዳምጣ፣ ዜማው ደስ እንደሚል ተናግራ ወጣች። እህታችን ግን ቢላዋውን አስቀምጣ ዕንባዋን ጠረገች። ወጥ ቤቱ አንድ፣ ዘፈኑም አንድ። ታዲያ አንዷን ያስለቀሰው ሌላዋን ለምን እንዲሁ አለፋት?

ዕንባው ከድምፆቹ ነው?

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቅኝቱ ነው። ባህላዊ ዜማዎቻችን በአብዛኛው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በሚባሉ አራት ቅኝቶች ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ትዝታ ማይነር ይሆናል።

ሆኖም የትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች የእኛ ብቻ አይደሉም። በቻይናም በስኮትላንድም በእነዚሁ ይዘፈናል፤ ሕፃናት እየተጫወቱ ይዘምሩባቸዋል። እንግዲያው ሐዘኑ ድምፆቹ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቀንም።

ጆሮ ቀድሞ ይሄዳል

በቅኝቱ ያደገ ጆሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ድምፅ ይገምታል። ዘፋኟ ድምጿን ስታስረዝም፣ ስታጥፍ፣ ማረፊያው ጋ ደርሳ ስትዘገይ፣ አድማጭዋ ቀድማ ደርሳ ትጠብቃታለች። እ.ኤ.አ. በ2011 ቫሎሪ ሳሊምፑርና ባልደረቦቿ ሞንትሪያል ውስጥ የሚወዱትን ሙዚቃ የሚያዳምጡ ሰዎችን አእምሮ መርምረው ነበር። ዶፓሚን የተባለው የደስታ ንጥረ ነገር የሚለቀቀው ሰውነትን የሚነዝረው ቦታ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን፣ ከመድረሱ በፊት በጉጉቱ ጊዜም እንደሆነ አዩ። ስናለቅስም ደስ የሚለን፣ ዘፈኑን አልቅሰን መልሰን የምንከፍተው አንድም በዚህ ሊሆን ይችላል።

«ትዝ አለኝ»

«አስታወስኩ» ስንል ሠሪዎቹ እኛ ነን። «ትዝ አለኝ» ስንል ግን ነገሩ ራሱ መጣብን ማለት ነው፤ እኛ ተቀባዮች ነን። ሙዚቃ የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የካሊፎርኒያው ተመራማሪ ፒተር ጃናታ እንዳሳየው፣ የምናውቀው ዘፈን የሕይወታችንን ታሪክ ሲቀሰቅስ ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአእምሮ ክፍል ይነቃል። በተለይ በአፍላ ዕድሜ የሰማናቸው ዘፈኖች ሥር ይሰዳሉ።

እርስዎም ማዕድ ቤት ሆነው ይሞክሩት። በ15 ወይም በ16 ዓመትዎ ይወዱት የነበረ አንድ ዘፈን ይክፈቱ። መጀመሪያ የመጣብዎ ምንድን ነው? ግጥሙ ነው ወይስ የአንድ ሰው ፊት፣ የአንድ ግቢ በር፣ የቡና ሽታ?

ስም የሌለው «አንቺ»

ትዝታ ሌላም ጥበብ አለው። ማሕሙድ አሕመድም፣ አስቴር አወቀም፣ በዛወርቅም ትዝታን ዘፍነዋል፤ አንዱ የሌላው ቅጂ አይደለም። ዘፋኙ ስንኙን እየመረጠ በዜማው ላይ ይደረድራል። የሚጠራው «አንተ» ወይም «አንቺ» ብዙ ጊዜ ስም የለውም። ፍቅረኛ ሊሆን ይችላል፤ እናትም፣ አገርም፣ ያለፈ ወጣትነትም። ዘፈኑ ወንበሩን ባዶ ይተወዋል፤ የሚቀመጥበትን የምታመጣው አድማጭዋ ናት። የአል ዐይኗ እህት ያስቀመጠችው ምናልባት ትታው የመጣችውን ልጇን ነው።

ማዳምስ?

ማዳም ልበ ደረቅ አይደለችም፤ የእሷ በር በሌላ ቁልፍ ይከፈታል። በዚያው አገር በረሃ በግመል እየተጓዙ የሚዜም አል-ተግሩዳ የተባለ የበዱዊኖች ግጥም አለ። የኤምሬትስና የኦማን ቅርስ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። አያቷ ሲያዜሙት እየሰማች አድጋ ከሆነ፣ ሁለት ስንኝ ሲዜም እሷም ትቆም ይሆናል፤ ያኔ ዜማው ደስ ይላል ብላ የምታልፈው እህታችን ናት።

ስለዚህ ስደት ላይ ያለ ሰው በዘፈን ሲያለቅስ «ተይ፣ አጥፊው» ለማለት አንቸኩል። ያ ዕንባ ብዙ ጊዜ ሕመም አይደለም፤ ቀን በሥራ ላይ ስሟ እንኳን በትክክል የማይጠራ ሴት፣ ለአምስት ደቂቃ የማን ልጅና የማን እናት እንደሆነች የምታረጋግጥበት ነው።

ዘፈኑ ደግሞ አሁንም እየመዘገበ ነው። ይህች እህት አንድ ቀን አገሯ ገብታ፣ ጀበናዋን ጥዳ ያንኑ ትዝታ ስትከፍት፣ የምጣዱ ሙቀት፣ የስኳር ዕቃው፣ ምናልባትም አል ዐይን ላይ ከጎኗ ሽንኩርት ትልጥ የነበረች ጓደኛ ትዝ ይሏታል።