ናኦ ኮዳይራ፣ በ30 ዓመት የመጣ ፍጥነት

የ500 ሜትር የፍጥነት ስኬቲንግ ከመነሻው ተኩስ እስከ መጨረሻው መስመር 40 ሰከንድ አይሞላም። ተወዳዳሪዎቹ 400 ሜትር በሆነው የበረዶ መም ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነሣሉ። አንዷ የውስጡን፣ ሌላዋ የውጭውን መስመር ትይዛለች፤ ከመጀመሪያው ኩርባ በኋላ መስመር ይለዋወጣሉ፤ ርቀታቸው እኩል የሚሆነው በዚህ ነው። አጠገብ ያለችውን መቅደም ደስ ቢያሰኝም ሜዳሊያ አያስገኝም፤ የሚቆጠረው ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ቀድማ የተወዳደረች ሁሉ ተራቸውን የሚጠብቁት ጥንዶች እስኪጨርሱ ድረስ ልቧ ተሰቅሎ መቆየት ግድ ይላታል።

ከጫማው ሥር ያለው ስለት ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ውፍረቱ ግን ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ስለቱ ከተረከዝ በኩል አይታሰርም። ከፊት ባለው ማጠፊያ ላይ ብቻ ስለሚያያዝ ተረከዙ ሲነሣ ስለቱ በረዶው ላይ ትንሽ ይቆያል፤ እግሩም ኃይሉን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ይጨርሳል። ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች ስለታቸውን የሚስሉት ራሳቸው ናቸው። ሁለቱን ጫማ ገልብጠው ጎን ለጎን በማሰሪያ ያጣብቁና በድንጋይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ይሞርዱታል። ከዚያም ጠርዙ ላይ የቀረውን የብረት ፍርፋሪ በለስላሳ ድንጋይ ያነሡና በጣታቸው ይዳስሱታል። በሰዓት ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ኩርባ ውስጥ የሚገባ ሰው የሚተማመነው በዚህች ቀጭን ጠርዝ ነው።

ጃፓናዊቷ ናኦ ኮዳይራ እ.ኤ.አ. በ1986 በናጋኖ ግዛት፣ ቺኖ በምትባል ከተማ ተወለደች። ከሦስት እህትማማቾች የመጨረሻዋ ናት፤ በረዶ ላይ የወጣችውም ታላላቆቿን ተከትላ ገና በሦስት ዓመቷ ነበር። የ1998ቱ የክረምት ኦሊምፒክ እዚያው ናጋኖ ሲካሄድ 11 ዓመቷ ነበር። በዚያ ኦሊምፒክ ቁመቱ 162 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነው የአገሯ ልጅ ሂሮያሱ ሺሚዙ ረጃጅሞቹን አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ቀድሞ የ500 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ኮዳይራ ያን አይታ ነው ልቧ በኦሊምፒክ የተያዘው።

ድሉ ግን ቶሎ አልመጣም። ሺንሹ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከአሠልጣኝ ማሳሂሮ ዩኪ ጋር መሥራት ጀመረች። በ2009 ስትመረቅ ወጪዋን የሚሸፍንላት ድርጅት አጣች። እጁን የዘረጋላት በማትሱሞቶ ከተማ ያለው አይዛዋ ሆስፒታል ነው። ሠራተኛው አድርጎ ቀጠራት፤ እስከ መጨረሻውም አልተለያትም። አንድ ሆስፒታል ገና ስም ላላወጣች ስፖርተኛ ይህን ያህል ዓመት መታገሡን ሳስብ የሜዳሊያዋን ግማሽ ለእርሱ ልሰጠው ይቃጣኛል። በ2010 ቫንኩቨር ላይ በቡድን ውድድር ብር አገኘች፤ በ500 ሜትር ግን 12ኛ ነበረች። በ2014 ሶቺ ላይ 5ኛ ወጣች።

27 ዓመቷ ነበር። በዚህ ስፖርት በዚያ ዕድሜ ያልተሳካለት ሰው ብዙውን ጊዜ መውጫውን ያስባል። እርሷ ግን ሻንጣዋን ሸክፋ ለሁለት ዓመት ወደ ኔዘርላንድ ሄደች፤ ስኬቲንግ እዚያ የሕዝብ ስፖርት ነው። ለእኔ የሕይወቷ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። አሠልጣኟ በዚያው በ1998 ናጋኖ ላይ ሁለት ወርቅ የወሰደችው ማሪያን ቲመር ነበረች። ኮዳይራ የደች ቋንቋ ተምራ ለአገሩ ጋዜጠኞች በቋንቋቸው እስከ መመለስ ደረሰች። ቲመር ደግሞ አቋሟን ለወጠችው፤ እንደተቆጣች ድመት ጀርባዋን አጉብጣ ትከሻዋን ከፍ እንድታደርግ አስተማረቻት። «የተቆጣች ድመት» ቅጽል ስሟ ሆኖ ቀረ።

በዚያው በ2014 ኅዳር ላይ ሴኡል ውስጥ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ የ500 ሜትር ድሏን አገኘች። ወደ ኔዘርላንድ የሚመልሳት አውሮፕላን ሊያመልጣት ነበርና የዚያን ቀን የተሸነፈችው ኮሪያዊቷ ሊ ሳንግ ሁዋ ታክሲ ጠርታ ሒሳቡንም ራሷ ከፍላ ሸኘቻት። ሊ በጊዜው የርቀቱ ንግሥት ነበረች፤ በ2010ም በ2014ም ኦሊምፒክ አሸንፋለች፤ በ2013 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ያስመዘገበችው 36.36 ሰከንድም የዓለም ክብረ ወሰን ነበር።

ኮዳይራ በ2016 ወደ አገሯ ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና ነበር። ከዚያ ወዲህ በ500 ሜትር የሚያሸንፋት ጠፋ። በአገር ውስጥም በውጭም በተከታታይ 37 ውድድር አሸነፈች። በታኅሣሥ 2017 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ በ1000 ሜትር 1 ደቂቃ ከ12.09 ሰከንድ ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ፈጣን ሰዓት የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሶልት ሌክ ሲቲና ካልጋሪ ባሉ ከፍታ ቦታዎች ነው። እኛ ከፍታን የምናውቀው ረጅም ርቀት የሚሮጥ እንግዳን ትንፋሽ ሲያሳጥር ነው፤ ለአጭር ርቀት ስኬተር ግን ስስ አየር ማለት ከፊት የሚገታ ነገር ቀነሰ ማለት ነው።

ስለዚህ በየካቲት 2018 በፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ፣ ባሕር ዳር ባለችው ጋንግኑንግ ያስመዘገበችው 36.94 በከፍታ ቦታ ከሚገኝ ሰዓት ጋር አይወዳደርም። በባሕር ጠለል ላይ ሴት ከ37 ሰከንድ በታች ስትገባ የመጀመሪያው ነበር። የጃፓን ደጋፊዎች ጩኸታቸውን አቀለጡት። ቀጣዩ ጥንድ ግን መነሻው ላይ ቆሟል፤ በእርሱም ውስጥ በአገሯ ሕዝብ ፊት ሦስተኛ ወርቅ የምትፈልገው ሊ አለች። ኮዳይራ ደስታዋን ሳትጠግብ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ደጋፊዎቿን ዝም አሰኘች። ሊ የመጀመሪያውን 100 ሜትር ከእርሷ ፈጥና ሄደች፤ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ግን ሚዛኗን ሳተችና 37.33 ገባች። 0.39 ሰከንድ ነው ልዩነቱ። እያለቀሰች ስትመጣ ኮዳይራ ጠብቃት አቀፈቻት፤ እንደምታከብራት ነገረቻት፤ ሁለቱም ባንዲራቸውን ይዘው አብረው ዞሩ። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን የቆየ የታሪክ ቁስል የሚያውቅ ሰው ያ ምስል ለምን በሴኡልም በቶኪዮም እንደተወደደ አይጠፋውም። በፍጥነት ስኬቲንግ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጃፓናዊት ሴት የሆነችውም በዚያ ቀን ነው፤ 31 ዓመቷ ነበር።

የድሉ ሰንሰለት በየካቲት 2019 በጀርመኗ ኢንዘል ተበጠሰ፤ ኦስትሪያዊቷ ቫኔሳ ሄርዞግ ቀደመቻት። በ2022 ከቤጂንግ ኦሊምፒክ በፊት ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለና በ500 ሜትር 17ኛ ወጣች። ሊ ለኮሪያ ቴሌቪዥን እያስተላለፈች ሳለ አለቀሰችላት። ወርቁን አሜሪካዊቷ ኤሪን ጃክሰን በ37.04 ስትወስድ የኮዳይራ 36.94 ግን አልተነካም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ናጋኖ ውስጥ፣ በጃፓን ሻምፒዮና ለመጨረሻ ጊዜ 500 ሜትር ተወዳደረች። 36 ዓመቷ ነበር፤ ከእርሷ በብዙ የሚያንሱ ልጆች አብረዋት ተሰልፈዋል። 37.49 ገብታ አሸነፈቻቸውና ጫማዋን ሰቀለች።