መቻቻል እስከ የት?

ለወሎ ሰው ስለ መቻቻል ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በተወለድኩበት በውርጌሳ ሠርግ ሲደገስ ሁለት በሬ ይጣላል፤ አንዱን ክርስቲያኑ «በስመ አብ» ብሎ፣ ሌላውን ሙስሊሙ «ቢስሚላህ» ብሎ ይባርከዋል። ድስቱ ለየብቻ፣ ጭፈራው ግን አንድ ላይ ነው። አያቴ የሙስሊም ሥጋ በአፏ ሳይዞር ነው የሞተችው። ሙስሊሟ ጎረቤቷ ስትታመም ግን ሌሊቱን አጠገቧ ታድር ነበር። የጎረቤቷ ሃይማኖት ትክክል ነው ብላ አታምንም ነበር፤ ይህንንም ደብቃ አታውቅም። የሚስማማንን መታገሥማ ማንም አያቅተውም።

እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። በ2011 ዓ.ም ግንቦት ገደማ ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ግብረ ሰዶማውያን ደንበኞቹን ላሊበላ ድረስ ሊያመጣ ማሰቡ ተሰማ። የሃይማኖት ማኅበራት መንግሥት ጉዞውን እንዲያግድ ጠየቁ፤ ድርጅቱም ዛቻ እንደደረሰው ተናገረ። ላሊበላ ያው የእኛው ሰሜን ወሎ ነውና ወሬው ክፍል ውስጥ ገባ። አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ይሄ የሚያስተምሩን መቻቻል እነሱንም ይጨምራል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጥያቄው ግን የሚያስቅ አይደለም። እኔም ጿሚ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያኔ ድርጊቱን ኃጢአት ስትል እቀበላለሁ። በዚህ ብቻዬን አይደለሁም፦ ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ1999 ዓ.ም ባካሄደው መጠይቅ ከመቶ ኢትዮጵያውያን 97ቱ ግብረ ሰዶምን ኅብረተሰቡ ሊቀበለው አይገባም ብለዋል። በ2001 ዓ.ም ታኅሣሥም የኦርቶዶክስ፣ የእስልምና፣ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት መሪዎች በአንድ ድምፅ እገዳው በሕገ መንግሥቱ እንዲሰፍር ጠይቀዋል።

የወንጀል ሕጉ ግን ቀድሞም ዝም አላለም። የ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ይህም በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ጥቂት ገጾች ገለጥ ሲደረጉ አንቀጽ 648 ይገኛል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከበድ ያለው የቱ እንደሆነ ሕጉ ራሱ ነግሮናል።

እኛ ግን ለሁለተኛው ዳስ እንጥላለን። ጥር ሲገባ ከፊት ወንበር አንዷ ትቀራለች፤ ስም ስጠራ ጓደኞቿ አንገታቸውን ይደፋሉ። ከዚያው ሠርግ ላይ ጠላ ጠጥቶ፣ መርቆ የመጣ ሽማግሌ ማታ «ግብረ ሰዶም አገር ሊያጠፋ ነው» ሲል ይሰማል።

እምነትን መጠበቅ አንድ ነገር ነው። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ2005 ዓ.ም ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን የቆየ ግንኙነት በዚሁ ጉዳይ አቋርጣ ነበር። የረጅም ዘመን አጋሮቿን አጣች፤ በማንም ላይ ግን እጇን አላነሳችም። በ2015 ዓ.ም የታየው ሌላ ነው፦ በቲክቶክ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ ለድብደባ ተጋለጡ፤ የአዲስ አበባ ባለሥልጣናትም ሆቴልና መጠጥ ቤት ሲፈትሹ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠየቁ።

ምዕራባውያኑስ? ኡጋንዳ በ2015 ዓ.ም በግብረ ሰዶም ላይ ጠንካራ ሕግ ስታወጣ የዓለም ባንክ አዲስ ብድር አቁሞባት ነበር። ድርጊቱ እስከ ሞት ሊያስቀጣ ከሚችልባት ከሳዑዲ ጋር ግን ንግዱ እንደደራ ነው። ስለ መቻቻል የሚሰብኩን ሰዎች ቄሱም ሼሁም መጽሐፋቸው የሚለውን ሲናገሩ ሳያደምጡ «ኋላ ቀር» ይሏቸዋል። ይህም ሚዛን ያጋደለ ነው።

የእነሱ ማጋደል ግን የእኛን አያቃናም። ዋሽንግተንና ሚኒያፖሊስ ያሉ ወገኖቻችን ጥቂቶች ሆነው ሳለ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተክለዋል፤ እነሱን የሚጠብቀው ሕግ የግብረ ሰዶማዊ ጎረቤታቸውንም በር ይጠብቃል።

ወሎ ደግሞ ይህን ከታሪኩ ያውቀዋል። በ1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ አዘዙ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጦልሃ እምቢ ብለው ተነሡ። ብዙው ሰው ግን ቀን ክርስቲያን መስሎ ውሎ ሌሊት በጓዳው ይሰግድ ነበር። ዛሬ በመቻቻሉ የምንኮራበት ሕዝብ የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጅ ነው፤ ሰውን በጓዳው መደበቅ ምን እንደሚያደርገው ሊነገረው አይገባም።

ለተማሪዬ ያልኩት ይህንኑ ነው። ቄሱ ኃጢአት ነው፣ ሼሁም ሐራም ነው የማለት መብት አላቸው። የደቦ ፍርድን የሚፈቅድ ግን አንድም አንቀጽ የለም። ድምፁን ማሰማት የሚሻም ጥር ላይ፣ በዳሱ ውስጥ ይጀምር።