ለግቢ ጠባቂያችን ቀዝቃዛ መክሰስ

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይላል የአገራችን ሰው። ለመሆኑ የእርስዎ ውሻ የሚበላው ምንድን ነው? ከምሳ የተረፈ እንጀራ በወጥ? ልጆች ሳህን ላይ የተዉት ፓስታ? ከዶሮ ወጥ የወጣ አጥንት? እኛም ቤት እንደዚያው ነበር፤ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ እስክንደነግጥ ድረስ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐዩ ቆርቆሮውን አግሎታል፤ ቡቺ ምላሱን አውጥቶ በሩ ሥር ተዘርግቷል። የስድስት ዓመቷ ልጄ አሳዘናትና ከውጭ አገር የመጣልንን ጥቁር ቸኮሌት ከፍሪጅ አውጥታ አበላችው። “ቀዝቃዛ ነገር እንዲበላ ብዬ ነው እኮ እማዬ” አለችኝ በኋላ። ማታ ላይ ቡቺ ያስመልሰው ጀመር፤ ይቁነጠነጣል፣ መተኛት አቃተው፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል።

የእንስሳት ሐኪሙ ቸኮሌት ለውሻ መርዝ መሆኑን ነግሮን ሕክምናውን ጀመረ። ከዚያ ዞር ብሎ “ሌላ ጊዜስ ምን ትሰጡታላችሁ?” ሲል ጠየቀኝ። “ያው የተረፈ ወጥ” አልኩት። “ወጡ ሽንኩርት አለው አይደል?” አለ ራሱን እየነቀነቀ።

ቡቺ ዳነ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ልጄን ልቆጣት ነበር፣ ግን እሷ ሳታውቅ አንድ ቀን ያደረገችውን እኔ በየቀኑ ሳደርገው ነበር የኖርኩት።

የእኛ ጣፋጭ፣ የእሱ መርዝ

ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳል። ጉዳቱ በአንድ ቀን ላይታይ ይችላል፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲሰጥ ግን ተጠራቅሞ ለደም ማነስ ይዳርጋል። ወይንና ዘቢብ ኩላሊቱን ሊያበላሹ ይችላሉ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ስለሚሾል ጉሮሮውንና አንጀቱን ይወጋል።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ማሸጊያ ማንበብ ልማዴ ነው። እርስዎም ይልመዱት። “ስኳር የሌለው” ተብሎ የሚሸጥ የለውዝ ቅቤ ወይም ማስቲካ አንዳንድ ጊዜ “ዛይሊቶል” የተባለ ማጣፈጫ ይኖርበታል። ለሰው ችግር የለውም፤ የውሻን የደም ስኳር ግን በፍጥነት ያወርዳል፣ ጉበቱንም ይጎዳል።

ታዲያ ልጄ የፈለገችው ጥሩ ነገር ነበር። ውሻ እንደ እኛ ሰውነቱ በላብ አይቀዘቅዝም፤ የሚያልበው መዳፉ ሥር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ስለዚህ በበጋ ቀዝቃዛ መክሰስ ያስደስተዋል፣ ውሃም እንዲያገኝ ይረዳዋል። እኛም ቸኮሌቱን ከልክለን ዝም አላልንም፤ ከልጄ ጋር ሆነን የእሱን መክሰስ መሥራት ጀመርን።

ሦስት ቀላል አሠራሮች

ሙዝና እርጎ፦ 2 የበሰሉ ሙዞች ይፍጩ። 1 የሻይ ብርጭቆ ስኳርም ጨውም ያልገባበት እርጎ ጨምረው ያዋህዱና በበረዶ መሥሪያው ላይ ይሙሉ። እርጎ ሆዱን የሚያላላው ከሆነ በውሃ ይተኩት።

ሐብሐብ ወይም ፓፓያ፦ ልጣጩንና ፍሬዎቹን በሙሉ ያውጡ። ሥጋውን በሹካ ጨፍልቀው ያቀዝቅዙ። በጾም ወቅት እርጎ ቤት ውስጥ በማይኖርበት ጊዜ ይህኛው ይመቻል።

ሾርባ፦ ሩብ ኪሎ ጮማ የሌለው የበሬ ሥጋ ወይም አጥንት የሌለው ዶሮ በ1 ሊትር ውሃ ይቀቅሉ። ጨው፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ቅመም የሚባል አይግባ። ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ገፈው ይጣሉ። ሥጋውን አድቅቀው ከተቀቀለ ካሮት ጋር ወደ መረቁ ይመልሱና ወደ በረዶ መሥሪያው ይገልብጡ።

ሦስቱም ፍሪዘር ውስጥ ቢያድሩ በደንብ ይጠጥራሉ። መብራት ጠፍቶ ከቀለጡና ከሞቁ ግን መልሰው አያቀዝቅዟቸው፤ በተለይ ሾርባውንና እርጎውን ይጣሉ።

ሲሰጡት

መክሰስ ምግብ አይተካም። ውሻው በቀን ከሚያስፈልገው ምግብ ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ለትልቅ ውሻ 2 ቁራጭ፣ ለትንሽ ውሻ አንድ ወይም ግማሽ ይበቃል። አዲስ ነገር ሲያስለምዱት በትንሹ ጀምረው ሆዱን ይከታተሉ፤ ሕመም ካለበት ደግሞ አስቀድመው ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከፍሪዘር እንደወጣ ድንጋይ የሆነውን አይስጡት፤ ጥርሱን ሊሰብር ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ለስለስ እስኪል ይጠብቁ። ልጆች ሳህኑን አስቀምጠው ፈቀቅ ይበሉ፤ የዋህ የሚባል ውሻም ሲበላ ከነኩት ሊናከስ ይችላል። በኋላም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ጊዜው እንዳላለፈበትም ካርዱን አውጥተው ይመልከቱ።

አንድ ነገር እንዳይረሱ፤ በረዶ የጥላንና የንጹሕ ውሃን ቦታ አይተካም። ውሻዎ የሚታሰር ከሆነ ፀሐይ በሚበረታበት ሰዓት ማሰሪያው ጥላ ውስጥ መሆኑን ያረጋግጡ። ከመጠን በላይ ካለከለከ፣ ለሀጩ ከተዝረበረበ ወይም ከተንገዳገደ ሙቀቱ ጎድቶታል ማለት ነው። ያኔ መክሰስ አይስጡት፤ ወደ ጥላ ወስደው ሰውነቱን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ እያራሱ በቶሎ ወደ ሐኪም ያድርሱት።

ዛሬ ፍሪዘራችን ውስጥ “የቡቺ” የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የበረዶ መሥሪያ አለ። ጽሑፉ የልጄ ነው፤ “ቺ” ትንሽ ተጣማለች። አሁን ማንኛውንም ነገር ልትሰጠው ስትል አስቀድማ “እማዬ፣ ይሄን መብላት ይችላል?” ትለኛለች። የማላውቀው ከሆነ ሐኪሙን እንጠይቃለን።

ይህ ጥያቄ እኛ ቤት ዘግይቶ ነው የተጠየቀው። እርስዎ ቤት ግን ዛሬ ማታ የተረፈው ወጥ ወደ ውጭ ከመውጣቱ በፊት ሊጠየቅ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ለእኛ ሲጮኽ የሚያድረው እሱ አይደል?