ሰባት በመቶ እና የቆጣቢው ዕጣ

ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ፣ ከኩዌት የተመለሰች ሴት ጠርዙ የተላላጠ የቁጠባ ደብተሯን በመስኮቱ አስገብታ፣ «ብሩ ጨምሯል ትሉኛላችሁ፤ ታዲያ ለምንድን ነው ምንም የማይገዛልኝ?» ስትል ጠየቀች። ወጣቱ ገንዘብ ከፋይ «ወለዱ እኮ ታስቦልሻል እህቴ» አላት። ከኋላዋ ተራ ይጠብቅ የነበረው የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ጥያቄዋን ሊረሳው አልቻለም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ጥቅምት 2010 ብሔራዊ ባንክ ብርን በ15 በመቶ ሲያዳክም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድም ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። ያኔ አንድ ዶላር 27 ብር ገደማ ነበርና 200,000 ብር ያስቀመጠ ሰው 7,400 ዶላር ያህል ነበረው። ሰባት ዓመት ሳይነካው ቢቆይ፣ ከወለዱ የሚቆረጠው ግብር ሳይታሰብ፣ 321,000 ብር ይደርስለታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ከወራት በኋላ ግን ይኸው ገንዘብ 3,000 ዶላር አይሞላም። በመሀል፣ በ2014፣ የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር።

«አስር ዓመት የሰው ልጅ አሳድጌ ያመጣሁት ነው» ትላለች ሴትየዋ። «ወንድሜ መሬት ግዢ አለኝ፤ ካርታው ፎርጂድ እንዳይሆን ፈራሁ። ጎረቤቴ ወርቅ አለችኝ፤ ሌባ ፈራሁ። እቁብ ገባሁ፤ ዕጣው ሲደርሰኝ ልገዛ ያሰብኩት ማሽን ዋጋው ጥሎኝ ሄዷል። ባንክ ያስቀመጠ አይከስርም ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ከሰርኩ።»

ዝቅተኛው ወለድ ከዋጋ ንረቱ በታች ለምን ቆየ? ጉዳዩ የሚመለከታቸው አንድ ኃላፊ «ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡ» አሉ። በጽሑፍ ገባ። መልስ አልመጣም።

አገሪቱ ከባንክ ቁጠባ ሌላ መንገድ አታውቅም ነበር ማለት አይቻልም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት የአዲስ አበባ የአክሲዮን ግብይት ቡድን ተቋቁሞ የወንጂ ስኳርን ያለማው የኤችቪኤ ድርሻ ሳይቀር ይሸጥና ይለወጥ ነበር። አብዮቱ ይህን ዘጋው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ባንኮችና ኢንሹራንሶች ተወረሱ፤ ዓመቱ ሳይወጣ ትርፍ ቤትም ተከተለ። በአክሲዮንም በኪራይ ቤትም ሀብት ያፈራ ቤተሰብ በወራት ውስጥ ሁለቱንም አጣ፤ «በወረቀት ላይ ያለ ሀብት አይታመንም» የሚለው ፍርሃት ከዚያ ወዲህ ከወላጅ ወደ ልጅ ተላልፏል።

የግል ባንክ በ1986 ሲፈቀድ፣ አዋሽ ባንክ በ486 መሥራቾችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ተነሣ። የባንክ አክሲዮን ከዚያ ወዲህ የከተሜው መካከለኛ መደብ መተማመኛ ሆነ፤ ሊሸጥ የፈለገ ግን በዘመድ አዝማድ ወይም በባንኩ የአክሲዮን ክፍል በኩል ገዢ መፈለግ ነበረበት። የውጭ ዜግነት የወሰዱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የያዙትን ድርሻ እንዲለቁ ተገደዱ። በሩ መልሶ የተከፈተላቸው በ2011 በወጣው አዋጅ 1159 ነው።

የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ጸደቀ። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ከዚያ በፊት፣ ጥቅምት 6፣ ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ300 ብር በቴሌብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ቀኑ ተራዝሞ የካቲት 7 ሲዘጋ 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ተሸጠ፤ ከ47,000 የሚበልጡ ሰዎች ገዙ።

ከአሥሩ ዘጠኝ እጅ ያህሉ ሳይሸጥ መቅረቱን በሕዝቡ አለማወቅ ብቻ መተርጎም ደሞዙ ከወር ወር የማያደርሰውን ሰው መበደል ነው። ትንሽ ቆጣቢ የሚፈራው ዋጋው መውረዱን ብቻ አይደለም፤ ሲቸግረው ገንዘቡን መልሶ ማግኘት አለመቻሉንም ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስበት አክሲዮኑን በማን በኩል፣ በስንት ቀን፣ በምን ያህል ኮሚሽን መሸጥ እንደሚችል የሚያስረዳ፣ በሚገባው ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ብሩን ከመክፈሉ በፊት በእጁ ሊገባ ይገባል።