የተባረረው ተማሪ የት ይሄዳል?

የአንድ ኅብረተሰብ ዕድገት የሚለካው በየዓመቱ መስከረም ላይ በትምህርት ገበታ ባስቀመጣቸው ልጆች ቁጥር ብቻ ሳይሆን፣ ከጀመሩት መካከል ስንቱን እስከ ፍጻሜው ለማዝለቅ እንደቻለም ጭምር መሆኑ አሌ የማይባል ሐቅ ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ በየከተማው ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የሚፈጸም፣ ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ «አቋረጠ» በምትል አንዲት ቃል ተሸፍኖ የሚያልፍ ድርጊት አለ። ተማሪው ጫት ቅሞ፣ ሲጋራ አጭሶ ወይም መጠጥ ቀምሶ ይያዛል። ወላጅ እንዲያመጣ ይታዘዛል፤ ይታገዳል፤ በመጨረሻም ይሰናበታል። ትምህርት ቤቱ ራሱን እንዳጸዳ ይቈጥራል። ይሁን እንጂ የተሰናበተው ልጅ የወጣው ከትምህርት ቤቱ አጥር እንጂ ከኅብረተሰቡ አይደለም። ከአጥሩ ማዶ የሚጠብቀው ማን እንደሆነም በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ ያውቃል።

የዚህ ሐተታ አቋም ግልጽ ነው። በሱስ አፋፍ ላይ ያለውን ተማሪ ከትምህርት ቤት ማስወጣት ሱስን መታገል አይደለም፤ ለሱስ ነጋዴው ደንበኛ መመልመል ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ስለ ልጁ ጠባይ ከመስበክ በፊት ልጁ የሚኖርበትን ተጨባጭ ሁኔታ መመርመር ያሻል። ጫት በአገራችን እንግዳ ተክል አይደለም። ስሙ በ14ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ ተጠቅሶ ይገኛል። በሐረርና በአካባቢዋም አዋቂዎች በጸሎትና በጨዋታ ሰዓት ለብዙ ዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አዲስ የሆነው ተክሉ ሳይሆን ገበያው ነው። ለምርቃናው ምክንያት የሆነው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በባሕርይው ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ቅጠሉ ተቀጥፎ ሲሰነብትና ሲደርቅ ኃይሉን ያጣል። በዚህም ምክንያት ጫት እንደ ጤፍ ጎተራ የሚገባ ወይም እንደ ቡና በጆንያ የሚከርም ምርት አይደለም። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በፈጣን መኪና ይጓዛል፤ በዚያው ዕለት፣ ቢዘገይ በማግሥቱ መሸጥ አለበት። የከረመ ጫት ኪሳራ ነው። ስለሆነም ነጋዴው ደንበኛ የሚያስፈልገው በወር ወይም በሳምንት ሳይሆን በየቀኑ ነው። ለደኅናው ጫት ገንዘብ ያለው ሰው ይገኛል። ለተራረፈው ገራባ ደግሞ ገንዘቡ ትንሽ፣ ጊዜው ግን ብዙ የሆነ ደንበኛ ይፈለጋል።

እንዲህ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሰዓት መመልከት ይበቃል። የበርጫ ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። በፈረቃ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የጠዋቱን ተማሪ የሚለቁትም በምሳ ሰዓት ነው። የቤተ መጻሕፍቱ በር የተቈለፈ፣ የኳስ ሜዳው ለግንባታ የታጠረ ወይም ጨርሶ የሌለ ከሆነ፣ ከሰባት ሰዓት እስከ ምሽት ያለው ጊዜ ባለቤት አልባ ይሆናል። ሁለቱ ሰዓቶች የገጠሙት በማንም ሤራ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ሤራ ቢኖር ኖሮ ሊሆን ከሚችለው አይለይም።

ከዚህም ሌላ ተማሪው ጫት የሚጀምረው ዘወትር በክፋት ወይም በዋልጌነት ነው ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል። ብዙዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ጥናት ነው። የፈተና ሰሞን ጓደኛ ለጓደኛው እንቅልፍ እንደሚያባርር ይነግረዋል። ቅጠሉ ለጥቂት ሰዓታት በእርግጥ ያነቃል፤ ውሸቱ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። የሌሊቱን እንቅልፍ ይነሣል፤ የምግብ ፍላጎት ያጠፋል፤ በማግሥቱ ድብርት ያስከትላል። ከቅጠሉ ጋር ሲጋራ ይመጣል፤ ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ «ጨብሲ» የሚባለው መጠጥ ይከተላል። ለፊዚክስ ፈተና ሲባል የተገዛች አንዲት ዙርባ መንፈቅ ሳይሞላት ሦስት ሱስ ሆና ትገኛለች። ልጁ ጠዋት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ተኝቶ ያሳልፋል፤ ረፋዱ ላይ ሐራራው ይነሣል፤ ከሰዓት ደግሞ ከክፍሉ ይጠፋል። አንድ ምዕራፍ ያመለጠው ልጅ ሁለተኛው አይገባውም፤ ካልገባው ይሸማቀቃል፤ ከተሸማቀቀ ይቀራል። እንግዲህ ሱስ ትምህርትን እንደሚያስጥል ሁሉ በትምህርት ወደ ኋላ መቅረትም ወደ ሱስ እንደሚገፋ ልብ ማለት ይገባል። በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በታወቀ ጊዜ ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተብሏል። ያ ቁጥር በ10ኛ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ተስፋው ለሳሳ ልጅ ምን እንደነገረው ግን ያን ያህል አልተጠየቀም።

እዚህ ላይ ሳይሸሸግ መነገር ያለበት አንድ ቅራኔ አለ። ጫት ለአገራችን የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙ ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው። ለሐረርጌው ገበሬ የልጆቹ ደብተርና ልብስ ከዚሁ ማሳ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ገበሬው ማሳውን ነቅሎ ይጣል የሚል መፈክር ማሰማት የከተሜ ቅንጦት ይሆናል። ለመጠጥና ለትምባሆ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ከልክሏል። የደንብ ልብስ ለለበሰ ልጅ ሲጋራ በፍሬ የሚቸረችረው ባለሱቅ ይህን አዋጅ አላነበበም ይሆናል፤ ያነበበለትም የለም። የመቈጣጠሩ ሥራ የሌሎች አካላት ኃላፊነት እንደመሆኑ መጠን በዚህ ላይ አንዘገይም። ትምህርት ቤቱ በገዛ እጁ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ግን ለሌላ አካል የሚተላለፍ አይደለም።

ዛሬ በብዙ ቦታ የሚደረገው የታወቀ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ «ወላጅ አምጣ» ነው። በዚህ ትእዛዝ ያልሳቀ ተማሪ ያለ አይመስለንም። በየከተማው ትምህርት ቤት አጠገብ ለአንድ ማኪያቶ ዋጋ አጎት የሚሆን ሰው ይገኛል፤ ኮቱን አስተካክሎ ገብቶ ልጁን በርእሰ መምህሩ ፊት ገሥጾት፣ ፈርሞለት ይወጣል። ሁለተኛው እርምጃ የሰልፍ ላይ ንግግር ነው። ሦስተኛው እርምጃ በግድግዳ ላይ «የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ክበብ» የሚል ሰሌዳ መስቀል ነው፤ የክበቡን አባላት ቁጥር ጠይቆ አጥጋቢ መልስ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። አራተኛውና የመጨረሻው እርምጃ ስንብት ነው።

ንግግር ብቻውን ፍሬ እንደማያፈራ የሌሎች አገሮች ልምድም ያረጋግጣል። በአሜሪካ በ1983 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ የተጀመረው «ዴር» የተባለው ፕሮግራም ፖሊሶችን በየክፍሉ እያስገባ ስለ ዕፅ ጉዳት ያስተምር ነበር፤ በመላ አገሪቱም ተስፋፋ። ተመራማሪዎች ውጤቱን ደጋግመው ሲመዝኑ ግን ተማሪዎቹ ዕፅ የመጠቀማቸውን መጠን ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልቀነሰም። ልጆቹ ጉዳቱን ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም። የኛዎቹም ያውቁታል፤ ከአስተማሪያቸው በተሻለ ዝርዝር ያውቁታል።

ከዚሁ አገር የተገኘ ሌላ ልምድ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1990 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ቼክ ኤንድ ኮኔክት» የተባለው አሠራር ለማቋረጥ ለተቃረበው ተማሪ አንድ ኃላፊ አዋቂ ይመድብለታል። ይህ ሰው የልጁን መቅረት፣ ማርፈድና ውጤት በየጊዜው ይመዘግባል። ልጁን ሳያቋርጥ እየተገናኘ ያነጋግረዋል፤ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከጎኑ አይለይም። ብዙ ሐኪም ወይም ብዙ መሣሪያ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ዋናው መሣሪያ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤታችን በክፍል ኃላፊው መምህር እጅ ይገኛል፤ ይኸውም የስም መጥሪያው መዝገብ ነው። ዛሬ መዝገቡ ልጁ ሃያ ጊዜ ከቀረ በኋላ ለቅጣት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ሦስተኛው ቀሪ ላይ «ይህ ልጅ የት ነው?» የሚል መምህር ቢኖር ያው መዝገብ ሌላ አገልግሎት ይሰጣል። የሰኞ ጠዋት ቀሪ፣ ከምሳ በኋላ ያለ ቀሪ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያንጎላጅ ልጅ፣ በድንገት ያሽቈለቈለ የሂሳብ ውጤት፤ እነዚህ ሁሉ ጫቱ ከመያዙ ከወራት በፊት የሚታዩ ምልክቶች ናቸው።

«ይህ ልጅ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ በተለይ ክብደት የሚያገኘው ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ በሚማረው ልጅ ላይ ነው። በአካባቢው ከ8ኛ ክፍል በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ባለመኖሩ ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋር በአንዲት ክፍል ይኖራል። እንጀራው ቅዳሜ ገበያ ከሚመጣ ዘመድ ጋር ይላካል፤ በሳምንቱ አጋማሽ ድርቆሽ ይሆናል። በዐሥራ አምስትና በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ማታ ሲገባ የት ነበርክ የሚለው የለም። ወላጅ አምጣ ቢባል አባቱ ለመድረስ የአንድ ቀን መንገድ መጓዝና የእርሻ ቀኑን መተው አለበት። አባትየው ከመጣም የሚሰማው ፍርድ እንጂ ምክር አይደለም፤ ልጁን ይዞ ይመለሳል፤ በዚያው የትምህርት ነገር ያበቃል። ይህን ልጅ በየዕለቱ የምታየው ሴትዮ አከራዩ ነች። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ አከራዮች የተጠሩበት ትምህርት ቤት ስንት ነው? ልጁ ትናንት ማታ አልገባም፣ ሦስት ቀን ምሳ አልቀመሰም ብላ ለማን እንደምትነግር የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። የተከራይ ተማሪዎችን ዝርዝር ይዞ በየሰፈሩ አንድ መምህር መመደብ፣ ከአከራዮች ጋር በወር አንድ ጊዜ ቡና መጠጣት በጀት የማይጠይቅ ተግባር ነው። ሴት ተማሪዋም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለችም፤ የእርሷ መቅረት «አገባች» እየተባለ በቶሎ ስለሚዘጋ ብቻ ምክንያቱ አይመረመርም።

ባለቤት አልባውን የከሰዓት ጊዜ በሚመለከት የአይስላንድ ልምድ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚያች አገር በ1998 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ተማሪዎች መካከል ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የሰከሩት 42 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ወደ 5 በመቶ ወርዷል። ይህ የተገኘው በስብከት አይደለም። ወላጆች ተሰብስበው ልጆቻቸው ማታ እስከ ስንት ሰዓት ውጭ እንደሚቆዩ በጋራ ወሰኑ፤ መንግሥት ለስፖርት፣ ለሙዚቃና ለመሰል እንቅስቃሴዎች ገንዘብ መደበ፤ በየጊዜው የተማሪዎቹ ሁኔታ እየተጠና ውጤቱ ለየትምህርት ቤቱ ተመለሰ። የኛ አቅም የነሱ አይደለም። ነገር ግን የቤተ መጻሕፍት በር ከሰዓት እንዲከፈት፣ የማጠናከሪያ ትምህርት ለጎበዞቹ ብቻ ሳይሆን በተለይ ወደ ኋላ ለቀሩት እንዲሰጥ፣ ለሁለት ቡድን አንድ ኳስ እንዲገዛ የአይስላንድ ሀብት አያስፈልግም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከመምህራን ወገን የሚሰነዘር ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባውም። በስድሳና በሰባ ተማሪ በታጨቀ ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር አንዱን ልጅ ሲያስታምም የሌሎቹን ትምህርት ማን ይጠብቃል? ሱሰኛው ሌሎቹን ቢያስከትልስ? ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ የሚጀምረው በሁለት ሰዎች መካከል ካለው ልዩነት ነው። ወደ ግቢ አምጥቶ የሚሸጠውና ገዝቶ የሚጠቀመው በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎቻችን ግን ብዙ ጊዜ የሚይዙት ሁለተኛውን ነው፤ እርሱ አይሮጥምና። ለሚሸጠው ሕግ አለ። ለሚጠቀመው ደግሞ ከስንብት በፊት ያሉት ደረጃዎች ሊሟጠጡ ይገባል፤ እገዳም ቢሆን ልጁን ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚያስገባ እንጂ ወደ በርጫ ቤት የሚልክ መሆን የለበትም። ሱሱ የጸናበት ልጅ እንዳለም አይካድም፤ ለእርሱ መምህር ሐኪም ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያለውን ልጅ ጤና ጣቢያው፣ ካስፈለገም በአዲስ አበባ እንዳለው እንደ አማኑኤል ያለ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ይመለከተዋል። የትምህርት ቤቱ ድርሻ በሕክምናው ወራት ወንበሩን ባዶ አድርጎ መጠበቅ ነው።

ይህች አገር ሰውን ወደ ትምህርት ለማምጣት ምን ያህል ርቃ መሄድ እንደምትችል አሳይታለች። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬና የከተማ ነዋሪ በየቀበሌው እየተፈለገ፣ በስም እየተመዘገበ፣ ቀርቶ ሲገኝም በጎረቤት እየተጠራ ተምሯል፤ ትምህርቱ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማትም ተገኝቶበታል። ዘመቻው ጉድለት አልነበረበትም አንልም። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ጥያቄ «ማን ቀረ?» የሚል ነበር። የስድሳ ዓመት አዛውንት በእጁ እየተመራ የገባበትን ክፍል የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እየተገፋ ይወጣበታል።

ስለዚህ ለጊዜው የምንጠይቀው አንዲት ትንሽ ነገር ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ «አቋረጠ» ከሚለው ቃል ጎን አንድ ዓምድ ይጨመር፤ በዚያም ውስጥ ልጁን ማን፣ በየትኛው ቀን፣ እቤቱ ሄዶ እንዳየው ይጻፍ።