የተገረዘ ሕፃን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አይዘውም?

ሕፃኑ አያስለውም፤ ተቅማጥም የለውም። ነገር ግን ሰውነቱ ያተኩሳል፣ ጡት አልጠባም ይላል፣ ያስመልሰዋል። ብዙ ወላጆች «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ወይም «ምች ነው» በማለት ቀናት ያሳልፋሉ። የትኩሳቱ መንስኤ ግን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ወንድ ልጅ ሲሆን ደግሞ «ተገርዟልና ይህ አያሰጋውም» የሚሉም አሉ። እውነቱ ምንድን ነው?

ግርዛት የበሽታውን ዕድል በእርግጥ ይቀንሳል። ሕመሙን በአብዛኛው የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሲሆን፣ በሸለፈት ሥር ተጠራቅሞ ወደ ሽንት ቧንቧ ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከ400 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተቱ 12 ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ፣ ግርዛት የመያዝ ዕድሉን በ87 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ታይቷል።

ታዲያ ክርክሩ ለምን? ጤነኛ ወንድ ሕፃናት በዚህ በሽታ የሚያዙት ከ100 አንድ ያህሉ በመሆናቸው ነው። በዚሁ ስሌት አንድ ኢንፌክሽን ለመከላከል 111 ሕፃናት መገረዝ አለባቸው። ግርዛቱም የደም መፍሰስና የቁስል መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። በዚህም የተነሳ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ጥቅሙ ከጉዳቱ ቢያመዝንም ለሁሉም ሕፃን እንዲደረግ የሚያስገድድ አይደለም ሲል ውሳኔውን ለወላጆች ትቷል። የካናዳ አቻው ደግሞ በ2015 ለሁሉም ወንድ ሕፃናት በመደበኛነት እንዲደረግ አልመከረም። ኢንፌክሽኑ ለሚመላለስባቸው ወይም ሽንት ከፊኛ ወደ ኩላሊት ለሚመለስባቸው ሕፃናት ግን ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል።

በአገራችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወንዶች በሃይማኖትና በባህል ምክንያት የተገረዙ ናቸው። ስለዚህ ለአብዛኛው ወላጅ ዋናው ጥያቄ «የት፣ መቼና በማን ይገረዝ?» የሚለው ነው። ግርዛት ንጹሕ መሣሪያና ማደንዘዣ ባለበት ጤና ተቋም፣ በሠለጠነ ባለሙያ ሊከናወን ይገባል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም የታመመ ሕፃን እስኪጠነክር መቆየት አለበት። የሽንት መውጫው ከትክክለኛው ቦታ ውጪ ከሆነ፣ ቆዳው ለማስተካከያው ቀዶ ሕክምና ስለሚያስፈልግ ከመገረዙ በፊት ሐኪም ይየው። በቤተሰቡ ደም ያለመርጋት ችግር ካለም አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ያልተገረዘ ሕፃን ሸለፈት በግድ ወደኋላ መሳብ የለበትም፤ ከውጭ ማጠብ ይበቃል።

ግርዛት ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያስቀርም። ስለሆነም ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ያለበት ሕፃን፣ ቢገረዝም ባይገረዝም፣ የሽንት ምርመራ ያስፈልገዋል። ዕድሜው ከ3 ወር በታች ከሆነ ትኩሳቱ እንደታየ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አይስጡት፤ የምርመራውን ውጤት ያዛባል። ሕክምናው ሲዘገይ ኢንፌክሽኑ ኩላሊት ላይ ጠባሳ ሊተው፣ በጨቅላ ሕፃናት ላይ ደግሞ ወደ ደም ሊዛመት ይችላል።

ሴቶች ልጆችም በዚህ በሽታ ይያዛሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ እንዲያውም ከወንዶች ይበልጥ ያጠቃቸዋል። ነገር ግን የሴት ልጅ ግርዛት ምንም ዓይነት የጤና ጥቅም የለውም። ለተደጋጋሚ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ለወሊድ ችግር የሚዳርግ፣ በአገራችን ሕግም የሚያስቀጣ ድርጊት ነው።